«ጆሮ ጠቢ!» ከማለታችሁ በፊት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጓደኛችሁ ሚስጥራችሁን ሲያወጣባችሁ ምን ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ? እኔ «ጆሮ ጠቢ!» ነበር የምለው። ተማሪ ቤት እያለን ለመምህሩ የሚያሳብቀውን ልጅ ሁሉ እንዲህ ብለን ነው ያበሸቅነው። ስድብ ናት፣ ትረሳለች ብዬ አስብ ነበር። አንድ የቡሄ ሰሞን ደብረ ታቦር ሄጄ ግን ይህች ቃል የሰው ቤት ስታቀዘቅዝ በዓይኔ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደጌ ቤት ቡና ተፈልቷል፤ ሙልሙሉም የገብስ ቆሎውም ቀርቧል። ይሄ ጓደኛዬ ቀደም ብሎ፣ ከፍቅረኛዬ ተደብቄ የት እንዳመሸሁ ለራሷ ነግሯት አጣልቶናል። ጨዋታው ሲሞቅ ንዴቴ ተነሳና «አንተ እኮ ጆሮ ጠቢ ነህ!» አልኩት። እሱ ዝም አለ። እናቱ ግን የያዙትን ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ። ገና አቦሉ ላይ ነበርን። ቶናውን የቀዳልን የለም።

«ምን አጠፋሁ?» ስለው ጓደኛዬ ደጅ አውጥቶ አጫወተኝ። ጊዜው ቀይ ሽብር ነው፤ 1970 ዓ.ም.። የጎንደር ክፍለ ሀገር ሰው የሻለቃ መላኩ ተፈራን ስም ሲሰማ የሚንቀጠቀጥበት ዘመን። ከሰፈሩ ወጣቶች ታፈሱ፤ ያልተመለሱም አሉ። ማን እንደጠቆመ አልታወቀም። ወሬው ግን የእናቱን አባት መረጠ። ለምን? ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ጠላ ሲጠጡ ታይተዋላ!

ከዚያ ወዲያ የክርስትናም የዓለምም ስማቸው ቀረ፤ «ጆሮ ጠቢው» ሆኑ። እሳቸው ሲገቡ ጨዋታ ይቋረጣል። ቤታቸው ለቡና ሲጣራ ጎረቤት «መጣን» ብሎ ይቀራል። ሲሞቱ እንኳ ሬሳቸውን የተሸከመው ዘመድ ብቻ ነበር። «ጠቁመው ነበር እንዴ?» አልኩት። «እኔም አላውቅም፤ እናቴም አታውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም» አለኝ።

ጆሮ ጠቢ የመሥሪያ ቤት ስም አይደለም፤ ለስውር ፖሊስና ለወሬ አቀባዩ ሕዝብ ያወጣለት ነው። ጥጃ ጡት እንደሚጠባ፣ እሱም ወሬ ይጠባል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአንድ በላይ የስለላ መረብ ነበራቸው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከተነሱባቸው አንዱ የራሳቸው የጸጥታ ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነበሩ። ደርግ ደግሞ የአገርና የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴርን አቋቋመ። ልብ በሉ፤ «ደህና ዋላችሁ?» የምንባባልባት ቃል ናት። ዛሬ ግን «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ከተባለ፣ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ባንዳም እንዲሁ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ያሰለፉት የአገር ተወላጅ ጦር መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ በየክርክሩ የምንወራወረው ስድብ ሆኗል።

የደርግን ደህንነት ስትረዳ የነበረችው ምሥራቅ ጀርመን የራሷ ስታዚ ነበራት። ስታዚ ከፈረሰ በኋላ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የተሰለለ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን መዝገብ እንዲያይ በሕግ ተፈቀደለት። ባሏ ወይም ጓደኛዋ ሲሰልላት እንደኖረ ያወቀች አለች፤ ጎረቤቷን በከንቱ እንደጠረጠረች የተረዳችም አትጠፋም። መራራ ቢሆንም እውነት ነው። የዚያ የደብረ ታቦር ሰፈር ሰው ግን የሚያነበው መዝገብ አልነበረውም። ስለዚህ ክሱም፣ ማስረጃውም፣ ፍርዱም ያችው ስድብ ሆነች። ቅጣቱም ለልጅ ተረፈ።

እና ምን ልበላችሁ፣ ወጣቶች? ጓደኛችሁ ቢያስቀይማችሁ ያደረገውን ንገሩት። «ያመንኩህን ለምን አወጣህብኝ?» በሉት፤ መልስ ይኖረዋል፤ ይቅርታም ይጠይቅ ይሆናል። «ጆሮ ጠቢ» ለተባለ ሰው ግን መልስ የለውም። «አይደለሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ደግሞ እውነቱን ካወጣን፣ የኔ ነገር ላይ ጥፋተኛው ያመሸሁት እኔው ነበርኩ።

በነጋታው ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ብድግ አደረጉኝና «ልጄ፣ አንተ ለጨዋታ ነው ያልካት። እኛ ኖረንባታል» አሉኝ። ከዚያ ጀበናውን ጣዱ። «ተቀመጥ በል፤ ትናንት ቶናው ቀርቶብሃል።»