በካርቶን ላይ «7.1» ተብሎ ስለሚጻፈው የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

የኮምፒዩተርና የጨዋታ ዕቃዎችን ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎችና በችርቻሮ የሚሸጡ ባለሱቆች፣ ለተጫዋቾች ተብለው በተሠሩ የጆሮ ማዳመጫዎች ካርቶን ላይ «7.1» የሚል ቁጥር በጉልህ ታትሞ ሳይመለከቱ አልቀሩም። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ያለበት ዕቃ ከሌለበት በዋጋ ይበልጣል። ገዢውም ብልጫውን የሚከፍለው፣ በጨዋታው ውስጥ ከኋላው የሚመጣውን የጠላት ኮቴ ከፊቱ ከሚመጣው ለይቶ ለመስማት ተስፋ አድርጎ ነው። ይህ ተስፋ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ማወቅ ለነጋዴው ትርፍም ሆነ ለስሙ የሚበጅ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር ተገልጿል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቁጥሩ ትርጉም

«7.1» የሚለው አጠራር የተወሰደው ከሲኒማ ቤትና ከሳሎን ነው። ሰባቱ በአድማጩ ፊት፣ ጎንና ኋላ የሚቀመጡ ድምፅ ማጉያዎች ሲሆኑ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሰማው ነው። የጆሮ ማዳመጫ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ለቀኝ ጆሮ አንድ ለግራ ጆሮ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ አለው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰባት በዕቃው ውስጥ ተቈጥሮ የሚገኝ አይደለም፤ በስሌት የሚፈጠር ነው።

ስሌቱ ማታለል አይደለም። ሰውም ቢሆን ዙሪያውን የሚሰማው በሁለት ጆሮ ብቻ ነውና። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬሊ በ1907 እንዳስረዳው፣ ከቀኝ በኩል የመጣ ድምፅ ግራውን ጆሮ ዘግይቶና ደክሞ ይደርሰዋል። መዘግየቱ እጅግ ቢበዛ ከአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ በታች ነው፤ አእምሮ ግን በዚህች ልዩነት ቀኝና ግራን ይለያል። ፊትና ኋላን፣ ላይና ታችን ለመለየት ደግሞ የጆሮ ቅጠል እጥፋቶች ይረዱታል። እነዚህ እጥፋቶች ድምፁን እንደ መጣበት አቅጣጫ በልዩ ልዩ መልክ ይለውጡታል። ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ለክተው በቀመር አስቀምጠውታል፤ ቀመሩም በእንግሊዝኛው አሕጽሮት ኤችአርቲኤፍ ይባላል። ፕሮግራሙ የጨዋታውን ድምፅ በዚህ ቀመር ካሳለፈው በኋላ በሁለቱ ማጉያዎች ቢሰማም፣ አእምሮ ድምፁ ከኋላ ወይም ከጎን የመጣ ይመስለዋል።

የሆነ ሆኖ አንድ ጉድለት አለበት። ቀመሩ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በሌላ ሰው ራስ ወይም በአሻንጉሊት ራስ ላይ ሲሆን፣ የጆሮ ቅርጽ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህም ምክንያት አንዱ ደንበኛ የሚያደንቀውን ድምፅ ሌላው የራቀና የደበዘዘ ነው ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም የሰሙትን ይናገራሉ።

በገበያ ላይ ያሉት መንገዶች

1ኛ. በእርግጥ ብዙ ማጉያ ያላቸው። ለምሳሌ ሬዘር የተባለው ኩባንያ በ2012 ያወጣው ቲያማት 7.1፣ በእያንዳንዱ ጆሮ አምስት፣ በድምሩ አሥር ትንንሽ ማጉያዎች ነበሩት። እንዲህ ያሉት ይከብዳሉ፤ ሽቦአቸውም ይበዛል። ማጉያዎቹ ሁሉ ከጆሮ አጠገብ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ በሳሎን ውስጥ ያለውን ርቀት ሊተኩ አይችሉም።

2ኛ. ስሌቱ በዩኤስቢ ገመዱ ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን የሚከናወንላቸው። ሃይፐርኤክስ ክላውድ ሁለት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ሣጥኗ ተነቅላ ባለ 3.5 ሚሊሜትሩ ክብ መሰኪያ በቀጥታ ሲሰካ ያው የጆሮ ማዳመጫ ተራ ባለ ሁለት አቅጣጫ ይሆናል። በስልክ ወይም በጆይስቲክ ላይ ሰክቶ የሚጠቀም ደንበኛ እንግዲህ ለ«7.1»ው የከፈለው ብልጫ አያገለግለውም።

3ኛ. ስሌቱ በኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የሚሠራላቸው። ዊንዶውስ ሶኒክ የተባለው ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይገኛል። ዶልቢ አትሞስ በዚያው ዓመት፣ ዲቲኤስ ሄድፎን ኤክስም በ2019 በዊንዶውስ ላይ ለሽያጭ ቀርበዋል፤ ዋጋቸውም በተከታታይ 14.99 እና 19.99 የአሜሪካ ዶላር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነበር። ሦስቱም በማናቸውም የጆሮ ማዳመጫ ላይ ይሠራሉ፤ በኤክስቦክስም ይገኛሉ። ክፍያው በኢንተርኔት በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ የባንክ ካርድ የሌለው የአገራችን ደንበኛ በመጀመሪያ ነፃውን ቢሞክር ይሻለዋል።

4ኛ. ስሌቱ በጨዋታ መሣሪያው ውስጥ ያለላቸው። በኅዳር ወር 2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ቴምፔስት የተባለ የራሱ የድምፅ ስሌት አለው። ተራ የጆሮ ማዳመጫ በጆይስቲኩ ላይ ቢሰካ ይሠራል፤ ተጫዋቹም ለጆሮው የሚስማማውን ማስተካከያ ይመርጣል። ስለዚህ የፕሌይስቴሽን 5 ባለቤት «7.1» የሚል ካርቶን ፍለጋ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም።

5ኛ. ስሌቱ በጨዋታው በራሱ ውስጥ የተጨመረላቸው። ኦቨርዋች በ2016 ሲወጣ የዶልቢን ስሌት ለጆሮ ማዳመጫ ይዞ ነበር፤ ቫሎራንትም በ2021 ኤችአርቲኤፍን ጨምሯል። ጨዋታው እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደ ተነሣ በትክክል ስለሚያውቅ ይህ መንገድ ብልጫ አለው።

ሊዘነጋ የማይገባው ነገር

ሁለት ስሌት በአንድነት ሲበራ ድምፁ ይበላሻል። ጨዋታው አንድ ጊዜ ያሰላውን የጆሮ ማዳመጫው ሣጥን ዳግመኛ ቢያሰላው፣ አቅጣጫው ይጠፋል፤ ድምፁም በጋን ውስጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ መጥፋት አለበት። እንደዚሁም ጨዋታው ድምፁን በሁለት አቅጣጫ ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያልተሰጠውን የኋላ ድምፅ ከየትም ሊያመጣው አይችልም፤ በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ «7.1» መመረጡን ማየት ያሻል። ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለስ ዕቃ፣ ጥገና ሳያስፈልገው በዚህ ማስተካከያ ብቻ ሊድን ይችላል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ የሚሰጥ ምክር

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል። ለታተመ ቁጥር ብቻ ዶላር ማውጣት ጉዳት ነው። አስመጪው ለላኪው በሚጽፈው የትዕዛዝ ደብዳቤ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያክል ይጠቀማል። እነርሱም፦ ስሌቱ የሚሠራው በሣጥኗ ነው ወይስ ከኢንተርኔት በሚወርድ ፕሮግራም? ፕሮግራም ከሆነስ ፈቃዱ ከዕቃው ዋጋ ጋር ተጠቃሏል ወይስ ገዢው ለብቻው ይከፍላል? ዕቃው ከኮምፒዩተር ሌላ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይሠራል? የሚሉት ናቸው። መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ገንዘቡን ለጊዜው ማቆየት ይመረጣል።

ሁለት ዕቃዎች በዋጋ እኩል ሆነው አንዱ «7.1» የሚል፣ ሌላው ቁጥር የሌለው ነገር ግን ማጉያው የጠራ፣ ማይክሮፎኑ ንጹሕ፣ ትራሱ ለስላሳ፣ ገመዱ የሚቀየር ቢሆን፣ ሁለተኛውን መምረጥ ይገባል። አቅጣጫውን ፕሮግራም ሊጨምርለት ይችላል፤ የደከመ ማጉያንና የሚቆረጥ ገመድን ግን ፕሮግራም አያድንም። ይህም በየሰፈሩ ላሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ አንዱን ዕቃ በቀን ብዙ ሰዎች ለሚያነሡትና ለሚጥሉት፣ ይበልጡን እውነት ነው።

ባለሱቁም አንድ ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ፣ ነፃውን ዊንዶውስ ሶኒክ እያበራና እያጠፋ ደንበኛው በገዛ ጆሮው እንዲፈርድ ቢያደርግ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል። ልዩነቱን የሰማ በደስታ ይገዛል፤ ያልሰማም ርካሹን ይዞ ይሄዳል፤ ለሌላ ጊዜም ዕቃ ሲፈልግ እውነቱን ወደ ነገረው ሱቅ ይመለሳል።