የብሩስ ሣጥኖች ያለፉበት ቆላ፦ የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ ከየት ይመጣል?

የመተማ ገበሬ ሰሊጡን ጭኖ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፣ ባዕድ ነገሩና እርጥበቱ ይታያል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ገዥና ሻጭ በዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ፣ ምንነቱ በታወቀ ዕቃ ላይ ነው። እዚያው ቆላ ውስጥ ከአያቱ የወረሰው አሮጌ መጽሐፍ በሣጥን ያለው ሰው ግን ደረጃ የሚያወጣለት የለም። ዋጋውን የሚነግረው ሊገዛው የመጣው ሰው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ የዚህን ዓይነት ገበያ ሕመም ያስረዳል፤ በዚህ መስክ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። አንዱ ወገን ስለ ዕቃው ከሌላው አብልጦ ሲያውቅ ዋጋ እውነቱን መናገር ያቆማል። አከርሎፍ በምሳሌነት ባነሣው ያገለገለ መኪና አዋቂው ሻጩ ነው። በአሮጌ መጽሐፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዋቂው ገዥው ነውና ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ጉዳይ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የበለጠ ምስክር የሚሆን ቦታ አላውቅም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሰናር የወረደው በዚሁ ምድር፣ በያኔው አጠራር በራስ ኤል ፊል በኩል ነበር። ከጓዙ መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ የብራና ቅጂዎች ይገኙበታል። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ሲያልቁበት ዕቃውን ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ ከዚያም ሌሎች ግመሎች ይዞ ተመልሶ አነሣው። አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ ኦክስፎርድ የደረሰውን ሪቻርድ ሎረንስ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። ያ የ1821 እትም ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት መጽሐፍ ሆኗል።

ብሩስ ራሱ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ እትም እንዴት እንደሚለይ ያስተምራል። የመጀመሪያው እትም በኤዲንብራ እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣ ሲሆን፣ በትልቅ ገጽ የታተመ ባለ 5 ጥራዝ ነው። በዚያው ዓመት ግን ደብሊን ላይም መታተም ጀመረ። የእንግሊዝ የደራሲ መብት ሕግ ያን ጊዜ አየርላንድን ስለማያካትት የደብሊን አታሚዎች ለደራሲው ሳይከፍሉ፣ በትንሽ ገጽና በ6 ጥራዝ በርካሽ አወጡት። እንግዲህ ሁለቱም መጽሐፎች ላይ 1790 የሚል ሊነበብ ይችላል፤ ዋጋቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። ዓመቱን ብቻ አይቶ የገዛ ይከስራል፤ ዓመቱን ብቻ አይቶ የሸጠም እንዲሁ። ከተማውን፣ የአሳታሚውን ስም፣ የገጹን መጠንና የጥራዙን ቁጥር ማየት ግድ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ምሉዕነቱ ይመጣል። የኤዲንብራው እትም ተጣጥፈው የሚገቡ ትልልቅ ካርታዎችና ብዙ የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች አሉት። አንዳንድ ነጋዴ ካርታውን ቆርጦ በመስታወት ያስገባና ለብቻው ይሸጠዋል፤ ቀሪው መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዥ ገጽ በገጽ፣ ሥዕል በሥዕል ሳይቆጥር ገንዘብ አያወጣም። ይህ ሁሉ ከተሟላ መጽሐፉ በሺዎች ፓውንድ ይሸጣል።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ስለመውደቃቸው ከሱዳን ማህዲስቶች ወገን ሆነው የሰሙትን የጻፉት ሁለት ምርኮኞች ነበሩ፤ ቄስ ኦርዋልደርና ሩዶልፍ ስላቲን። የኦርዋልደር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1892፣ የስላቲን በ1896 በእንግሊዝኛ ወጡ። ሕዝቡ ስለተሻማባቸው ደጋግመው ታተሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ቢኖራቸውም ብዙ ቅጂ በገበያ ስላለ ኋላ የታተሙት ውድ አይደሉም።

የእኛም መጻሕፍት በዚሁ ሕግ ይመዘናሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለታተመ ልዩነቱ ያለው በርዕስ ገጹ ላይ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። አቅርቦቱን መንግሥት ራሱ ስለቆረጠው ከመሰብሰብ ያመለጠው የመጀመሪያ ቅጂ ብርቅ ሆነ።

ብራና ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ አቋሜ ለገበያ አይቅረብ የሚል ነው። በ1880 ዓ.ም. ማህዲስቶች በመተማ በኩል ገብተው ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ጠፍተዋል። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ያከማቹትን ንብረት ከነመጻሕፍቱ የእንግሊዝ ጦር በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወስዷል። የተረፈው ጥቂት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ሲሆን፣ ከሱዳኗ ገላባት ወዲህ ያለው የመተማ ዮሐንስ ኬላም ይህን ሕግ ከሚጠብቁት በሮች አንዱ ነው።

ለታተሙት መጻሕፍት ግን ሕጋዊ ገበያ አለ፤ የጎደለው ደረጃ አውጪው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የምዕራብ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ተቀናጅተው በዓመት ጥቂት ቀን በዞኑ ከተማ ገንዳ ውኃ ላይ ቢቀመጡ፣ ባለቤቱ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ እትሙን፣ የጎደለውን ገጽና የሚገመተውን ዋጋ በጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ወጪው ከባድ አይደለም። እስከዚያው አሮጌ መጽሐፍ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች፦ ሽፋኑን አታስቀይሩት፣ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፣ በመጀመሪያ ገጹ ላይ ያለውን የቀድሞ ባለቤት ፊርማ አትፋቁት። የርዕስ ገጹንና ጀርባውን ፎቶ አንሡና ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ ለመጀመሪያው ጠያቂ አትሽጡ።