ለአሶሳ ቤት የሚገዛ ጄኔሬተር፦ ጉልበቱ፣ ድምፁና የነዳጁ ሒሳብ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የሆነው ግድብ በክልሉ ክልል ውስጥ ይገኝ እንጂ፣ በርዕሰ ከተማው በአሶሳ ለመኖሪያ ቤቱ መጠባበቂያ ጄኔሬተር የሚያፈላልግ ሰው ግን ዛሬም አለ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ኃይል ማመንጨትና ኃይልን እስከ ቤት ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለሚያውቅ ግን የሚያስገርም አይደለም።

ከግድቡ የሚነሱት ዋና ዋና መስመሮች 400 እና 500 ኪሎ ቮልት ተሸክመው ወደ በለስና ወደ ሆለታ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ያመራሉ። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አሶሳ ደግሞ ከብሔራዊው መረብ ጋር የተገናኘችው ከጊምቢ በመንዲ በኩል በሚዘረጋው ረጅም መስመር ነው። ከዚህ መስመር በአንዱ ሥፍራ ምሰሶ ቢወድቅ፣ በክረምቱ መብረቅ አንድ መሣሪያ ቢመታ፣ ወይም በከተማው ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር ቢቃጠል፣ የግድቡ ተርባይኖች ቢሽከረከሩም ቤቱ ይጨልማል። በመሆኑም መብራት በሚጠፋበት ሰዓት መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ፣ ከግቢው በር ላይ ለስላሳና ወተት የሚሸጥ ነጋዴ፣ ማታ ማታ ሒሳቡን በኮምፒውተር የሚሠራ ደላላ መጠባበቂያ መፈለጉ አይቀርም።

ችግሩ ያለው መጠባበቂያ በመፈለጉ ላይ ሳይሆን በአገዛዙ ላይ ነው። ብዙው ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ነው? ዋጋውስ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ነው። ጄኔሬተር ግን ከተገዛበት ዕለት አንሥቶ ገንዘብ የሚበላ ዕቃ በመሆኑ፣ የሱቁ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ጉልበቱ በወረቀት እና በአሶሳ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቤቱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ነው። ለአብነት ያህል አንድ መካከለኛ ቤት ይወሰድ። ማቀዝቀዣው ሲሠራ 150 ዋት፣ ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖሎች 72 ዋት፣ ቴሌቪዥኑ 80 ዋት፣ ስልክ መሙያዎችና የኢንተርኔት መሣሪያው 40 ዋት፣ የአየር ማራገቢያው 60 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 402 ዋት ይሆናል። ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣ በሚነሳበት ቅጽበት ከመደበኛው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ኃይል ይስባል። በአምስት እጥፍ ከተሰላ ለዚያች ቅጽበት 750 ዋት ስለሚፈልግ የቤቱ ጠቅላላ ፍላጎት ወደ አንድ ሺህ ዋት ይደርሳል።

በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ነገሮች መቀነስ አለባቸው። አንደኛው በጉልህ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት መሆኑ ነው። ሰዓታት ሙሉ የሚሰጠው መደበኛ ጉልበት በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ታርጋ በአነስተኛ ፊደል ይገኛል። ቁጥሩ በኬቪኤ የተጻፈ ከሆነም ወደ ኪሎ ዋት ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ በ0.8 ይባዛል። ለምሳሌ 2.5 ኬቪኤ ማለት 2 ኪሎ ዋት ነው።

ሁለተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ቤንዚኑ በሚገባ ስለማይቃጠል አንድ ተራ ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። አሶሳ በ1 ሺህ 570 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ኪሳራው ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ 27 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መርካቶ ውስጥ ተፈትሾ የተገዛ ማሽን አሶሳ ሲደርስ ጥቂት ይሻሻላል፤ 2 ኪሎ ዋት የተባለው ግን በአሶሳ ከ1 ሺህ 640 ዋት አያልፍም። ወደ ኩርሙክ፣ ሸርቆሌና ጉባ ቆላዎች የሚወርድ ገዢ በከፍታ የሚያጣው ያነሰ ነው። በዚያ ያለው ሙቀት በተራው ከሞተሩ ጉልበት ስለሚቀንስና ዘይቱን ቶሎ ስለሚያቀጥን ግን ጥቅሙ ሙሉ አይሆንም።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው ቤት መደበኛ ጉልበቱ 1.8 ኪሎ ዋት የሆነ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ከተጨመረ ግን አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ በሚነሳበት ጊዜ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል 5 ኬቪኤ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ እንጀራን በጄኔሬተር ልጋግር የሚል ቤት አብዛኛውን ጉልበት የሚገዛው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ድምፁ

በገበያው ያሉት ማሽኖች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍት በሆነ የብረት ፍሬም ላይ የተቀመጠው የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ፣ ጩኸቱ ግን ከሁሉም የበዛ ነው። ጭነት ኖረም አልኖረም በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል። ሁለተኛው «ኢንቨርተር ጄኔሬተር» የሚባለው ባለ ሽፋን ነው። የሚያመነጨውን ኃይል በኤሌክትሮኒክስ አስተካክሎ ስለሚያወጣ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድምፁ የሚለዝበውና ነዳጁ የሚቆጠበው በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒውተርና ቴሌቪዥንን ከኃይል መዋዠቅ የሚጠብቀውም ይኸው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ድምፅ በሚያፍን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የናፍጣ ጄኔሬተር ሲሆን፣ በደቂቃ 1 ሺህ 500 ዙር የሚዞረው ዓይነት ዕድሜው ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ መኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ይበዛል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ በጣም ባነሰ ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ጥላሸት ስለሚይዝ ለጤናው አይበጀውም። ቦታው ሆቴል፣ ክሊኒክና ወፍጮ ቤት ነው።

ክፍቱ የቤንዚን ማሽን በ7 ሜትር ርቀት ላይ 70 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ያሰማል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ስለሚወርድ 14 ሜትር ላይ ያለ ጎረቤት 64 ዴሲቤል ይሰማል። ሆንዳ የሚያመርተው ባለ 2 ሺህ 200 ዋት ኢንቨርተር ጄኔሬተር በአንጻሩ በሰባት ሜትር ላይ እንደ ጭነቱ ከ48 እስከ 57 ዴሲቤል ብቻ ነው። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ያወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል የሚፈቅድ ሲሆን፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። ስለሆነም ክፍቱን ማሽን በሌሊት ማስነሳት ከጎረቤት ጋር ብቻ ሳይሆን ከደንብም ጋር ያጋጫል። የቀርከሃ አጥር ዐይን ይከልላል እንጂ ድምፅ አያስቀርም፤ የቆርቆሮ ግድግዳም ድምፁን መልሶ ያስተጋባዋል። የሚረዳው በማሽኑና በጎረቤት መካከል ያለ የብሎኬት ግንብ፣ ከእግሩ ሥር የሚደረግ ወፍራም ጎማ እና የጭስ ማውጫውን ከመኝታ ቤት ማዞር ነው።

ድምፅ ለመቀነስ ብሎ ማሽኑን ቤት ውስጥ ማስገባት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ከሰል ጭስ እንቅልፍ ላይ ያለን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። በረንዳና መስኮቱ የተከፈተ ዕቃ ቤትም በቂ አይደሉም። ማሽኑ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ ብቻ ባለበት ሥፍራ መቀመጥ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ጫፎቹ ተሰኪ በሆነ ገመድ ኃይልን ወደ ሶኬት መልሶ መላክ፣ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። በባለሙያ የሚገጠም የቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ይህን ያስቀራል፤ ዋጋውም ከጄኔሬተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

የነዳጁ ሒሳብ

መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ዋጋ በተደጋጋሚ ተከልሷል። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ክለሳ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቶ ነበር። ወደ ክልል ሲወጣ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ማደያ ላይ ሲታጣና ከጥቁር ገበያ ሲገዛ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

መብራት በወር 15 ቀን በቀን ለ4 ሰዓት ጠፋ ቢባል ጄኔሬተሩ 60 ሰዓት ይሠራል። ክፍቱ ማሽን ቀላል ጭነት ይዞ በሰዓት 0.8 ሊትር ቢፈጅ 48 ሊትር፣ በታኅሣሡ ዋጋ 4 ሺህ 870 ብር ያህል ይጠይቃል። ኢንቨርተሩ ለተመሳሳይ ጭነት በሰዓት 0.45 ሊትር ስለሚበቃው 27 ሊትር ወይም 2 ሺህ 740 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 2 ሺህ 130 ብር፣ በዓመት ከ25 ሺህ 500 ብር በላይ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ «ተወደደ» ተብሎ የተተወው ማሽን የዋጋውን ልዩነት በስንት ወር እንደሚመልስ ገዢው በዚህ መንገድ ራሱ ማስላት ይችላል። መብራት በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚጠፋበት ቤት ግን ለልዩነቱ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ያንሳል።

ሌላው አማራጭ ጭራሹን ሞተር የሌለው ነው። 24 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያከማቻል። ከላይ የተጠቀሰውን ቤት ለተወሰኑ ሰዓታት ያለ ድምፅ፣ ያለ ጭስና ያለ ቤንዚን ሰልፍ ያቆየዋል። ደካማ ጎኑ መስመሩ ለሦስትና ለአራት ቀን ሲቋረጥ የሚሞላበት ማጣቱ ነው። በዚህም ምክንያት አነስተኛ ጄኔሬተርና ባትሪ አጣምሮ መያዝ ለብዙ ቤት ይስማማል። ጄኔሬተሩ ቀን ለጥቂት ሰዓት ተነሥቶ ባትሪውን ይሞላል፤ ሌሊቱ በጸጥታ ያልፋል። የአሶሳ ፀሐይ በበጋ ጠንካራ በመሆኑ የፀሐይ ኃይል ፓኔል የጨመረ ሰው ደግሞ የቤንዚኑን ወጪ ይበልጥ ይቀንሳል።

ከመክፈል በፊት

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ማሽንም መለዋወጫም በዚሁ ልክ ስለሚወደድ፣ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ መልሶ መሸጥ እንደ ቀድሞው ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አዲስ ማሽን ሲገዛ ታርጋው 220 ቮልትና 50 ሳይክል ማለቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላከው 120 ቮልትና 60 ሳይክል ሊሆን ይችላል። ጥቅልሉ መዳብ ይሁን አሉሚኒየም መጠየቅ፣ ሻጩ በጽሑፍ ዋስትና መስጠቱን ማየት፣ ካንዴላው፣ ፊልትሮውና ካርቡሬተሩ በአሶሳ ወይም ቢያንስ በነቀምቴ መገኘታቸውን ማጣራትም ያስፈልጋል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደላላው «ብዙ አልሠራም» ማለቱ አይበቃም። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ማስነሳት፣ ጭነት ሰጥቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ሰማያዊ ጭስ መኖሩን መመልከትና ቮልቱን በቴስተር መለካት ይገባል። ሞቆ የሚጠብቅ ማሽን የመነሻ ችግሩን ደብቆ ሊሆን ይችላል።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። ቤንዚን በካርቡሬተር ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ስለሚረጋ፣ መብራት ባይጠፋም በወር አንድ ጊዜ ከጭነት ጋር ማሠራት ወይም ነዳጁን አፍስሶ ማስቀመጥ ግድ ነው። በየከተማው «አልነሳ አለ» ተብሎ ወደ ጥገና የሚሄደው ማሽን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያለፈ በሽታ የለበትም።

ለነጋዴው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. እንደታየው የኃይል ፈረቃ በታወጀ ሰሞን የጄኔሬተር ፈላጊ ይበዛል፤ ፈረቃው ሲነሳ ግን በመጋዘን የቀረው ዕቃ ካፒታል ይዞ ይቀመጣል። የሕዳሴው ግድብ ሙሉ በሙሉ ሥራ ከገባ ወዲህ የውኃ እጥረት የሚያመጣው ፈረቃ የመደጋገም ዕድሉ ቢቀንስም፣ የመስመርና የትራንስፎርመር ብልሽት ይቀጥላል። ይህ ዓይነቱ መቋረጥ የሚጠይቀው ትልቅ ጉልበት ያለውን ሳይሆን አነስተኛ፣ ጸጥተኛና ነዳጅ ቆጣቢ የሆነውን ማሽን እንዲሁም ባትሪን በመሆኑ፣ ወደ አሶሳ የሚጭን አስመጪ ጭነቱን በዚሁ መሠረት ቢመርጥ ይበጀዋል።