መብራቱ እየበራ ሞተሩ ለምን አይነሳም?

ለተግባር ትምህርት ተማሪዎችን ይዘን ወደ ጋምቤላ ክልል በወረድንበት በአንድ የመጋቢት ወር፣ ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አረፍ ብለን ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ያለው አየር እንኳ ይጋረፋል። መኪናችን ብዙ ዘመን ያገለገለ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ነው። ልንነሳ ስንሰናዳ አንድ አባት በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፎ ወደ እኛ መጣ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ኑዌርኛ ስለሚያውቅ አስተረጎመልን፤ ልጁ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ የሚሄዱትም ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ነው። ቦታ ለቀን አሳፈርናቸው። ሾፌራችን ቁልፉን አዞረ። ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ እንጂ ሞተሩ ፈጽሞ አልዞረም።

ሾፌራችን የፊት መብራቱን አበራና ወርዶ ተመለከተው። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል። «ዶክተር፣ ባትሪውስ ደህና ነው፤ መብራቱን አያዩትም? የተቃጠለው ሞተሪኖው ነው» አለን። መኪናው የቆመበት መሬት አሸዋማ ስለሆነ ገፍተን ለማስነሳት ያደረግነው ሙከራ ከድካም በቀር ያተረፈልን ነገር አልነበረም። ከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። የሾፌሩ ፍርድ ትክክል ከሆነ ሌላ መኪና እስኪመጣ ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበረንም። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል ነበርን?

ሁለቱ የኤሌክትሪክ መንገዶች

ጥያቄውን ለመመለስ ቁልፍ ሲዞር የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። በቁልፉ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት አነስተኛ ነው። ይህ ፍሰት ሞተሪኖው ላይ የተገጠመውን ሶሌኖይድ፣ ማለትም የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበትን የብረት ማግኔት፣ ይቀሰቅሳል። ሶሌኖይዱም በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያቆላልፋል፤ በዚያውም ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ ለሚመጣው ታላቅ ፍሰት በር ይከፍታል። በአነስተኛ የቤንዚን መኪና ይህ ፍሰት ከ150 እስከ 200 አምፒር ይደርሳል። የናፍጣ ሞተር አየሩን በእጅጉ ጨምቆ ስለሚሠራ ሞተሪኖው 300 አምፒርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ግን በአንድነት ከ10 አምፒር እምብዛም አያልፉም።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የኦም ሕግ እንደሚያስተምረን በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚባክነው ቮልት የፍሰቱና የተቃውሞው ብዜት ነው። አንድ ያረጀ ባትሪ በውስጡ 0.03 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። መብራቱ 10 አምፒር ሲወስድ የሚባክነው 0.3 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው 200 አምፒር ሲጠይቅ ግን በዚያው ተቃውሞ ላይ 6 ቮልት፣ ማለትም የባትሪው ግማሽ ኃይል፣ ይቀራል። ስለዚህ የመብራቱ መድመቅ የሚመሰክረው ባትሪው ትንሽ ሸክም መሸከም መቻሉን ብቻ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ የተሸከመ ሰው ኩንታል እህልም ይሸከማል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የመብራቱም ምስክርነት ስለ ሞተሪኖው አይበቃም።

በመንገድ ዳር የተደረገ ልኬት

በመሆኑም ቀጣዩ ፈተና መብራቱ እንደበራ ቁልፉን ማዞር ነበር። ስናዞረው መብራቱ ወዲያው ደበዘዘ፤ ጠቅታውም ቀጠለ። አሁን ደግሞ ሾፌራችን ሐሳቡን ለውጦ «እንግዲያው ባትሪው ነው የሞተው» አለ። ይህም ቢሆን ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው እንጂ እውነቱ ራሱ አልነበረም።

ለተማሪዎቹ ልምምድ የያዝነው ቴስተር በሻንጣችን ነበርና አወጣነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች መካከል 12.5 ቮልት አነበብን። ስድስቱ የባትሪ ሴሎች እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጡ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን በግማሽ ጎድሏል፤ ከ12 በታች ሲወርድ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። የእኛ ባትሪ እንግዲህ ሙሉ ነው ለማለት ይቻላል። ቀጥሎ ቁልፉ እየዞረ ለካን። በምሰሶዎቹ ላይ 11.4 ቮልት ነበር። ጤናማ ባትሪ በዚህ ጊዜ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትምና ባትሪያችን ፈተናውን አለፈ። በመጨረሻም የቴስተሩን አንድ ጫፍ በነጌቲቩ ምሰሶ አናት ላይ፣ ሌላውን ምሰሶውን አቅፎ በያዘው ሞርሴቶ ላይ አድርገን ቁልፉ እንደገና ዞረ። ሁለቱ ብረቶች የተነካኩ ስለሆኑ ቴስተሩ ዜሮ ሊያሳይ ይገባው ነበር፤ ቁጥሩ እየተዋዠቀም ቢሆን ያሳየን ግን ከ6 ቮልት በላይ ነው።

ሌባው ተያዘ። የፍሰቱን መጠን 100 አምፒር ብንወስድ በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ተቃውሞ 0.06 ኦም ያህል ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ በላዩ የሚባክነው ኃይል ግን 600 ዋት፣ የአንድ ልብስ ካውያን ከግማሽ በላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያም አያስፈልግም፤ ሞርሴቶውን በጣታችን ጫፍ ስንነካው ይፋጃል። ጠቅታውም በዚሁ ይተረጎማል። ሶሌኖይዱ ይስባል፤ ታላቁ ፍሰት ሲጀምር ቮልቱ ይወድቃል፤ ሶሌኖይዱ አቅም አጥቶ ይለቃል፤ ፍሰቱ ሲቋረጥ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሶሌኖይዱም እንደገና ይስባል። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ድምፅ የዚህ ዑደት ድምፅ ነው።

ሞርሴቶውን ፈትተን በውስጡ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በቢላዋ ፍቀን፣ ምሰሶውንም እስኪያበራ አጽድተን መልሰን አጠበቅነው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ።

ድምፁ ምን ይላል?

ቴስተር ያልያዘ ሰውም ቢሆን ጆሮና ዓይኑን ተጠቅሞ ብዙ ሊለይ ይችላል። ዋናው መመሪያ መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ነው።

መብራቱ ቢደበዝዝና ፈጣን ጠቅታ ቢሰማ፣ ወይም ሞተሩ እየተጎተተ በዝግታ ቢዞር፣ ጥፋቱ በባትሪው ወይም በሞርሴቶዎቹና በገመዶቹ ላይ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካልና ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ጫፉ ይታይ። መብራቱ ሳይለወጥ ምንም ድምፅ ባይሰማ ትንሹ ፍሰት ሶሌኖይዱ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የቁልፉ ቤትና ቀጭኑ ሽቦ ይመርመሩ፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ማርሹ በትክክለኛው ቦታ መሆኑ ይረጋገጥ። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ብቸኛ ጠንካራ «ጠቅ» ቢሰማ፣ ሶሌኖይዱ ስቧል፤ ታላቁ ፍሰት ግን በሶሌኖይዱ ውስጥ በተበላው መዳብ ወይም በሞተሪኖው ባለቀው ካርቦን ምክንያት አላለፈም። አንድ «ጠቅ» ተሰምቶ መብራቱ እጅግ ቢደበዝዝ ግን፣ ባትሪውና ሞርሴቶው ደህና ከሆኑ፣ ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል።

በዚህ የመጨረሻ ሁኔታ በክረምት ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ በውሃ ውስጥ ያለፈ መኪና በአየር ማስገቢያው ውሃ ስቦ ሊሆን ይችላል። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ ግን አይጨመቅም ለማለት ይቻላል። ሞተሪኖው እየተገደደ ፒስቶኑ በውሃው ላይ ሲወጣ የሚጎብጠው የፒስቶኑ ክንድ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ደጋግሞ መሞከርም ሆነ መግፋት ጥፋቱን ከማብዛት በቀር አይረዳም።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ባይነሳስ? ያን ጊዜ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ትተን ወደ ነዳጁ እንሄዳለን። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ እሳቱን የሚያገኘው ከተጨመቀ አየር ሙቀት ነው። አየሩ ወደ አንድ ሃያኛ መጠኑ ሲጨመቅ በንድፈ ሐሳብ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ስለዚህ በናፍጣ ሞተር በቅድሚያ የሚጠረጠረው ወደ ነዳጁ ቧንቧ የገባ አየር ወይም በማጣሪያው የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ውሃው ይፍሰስ፣ አየሩም በእጅ ፖምፓው ይውጣ። በቤንዚን መኪና ግን ነዳጅም፣ የካንዴላ ብልጭታም ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው።

ሙቀት የሚገድለው፣ ብርድ የሚያጋልጠው

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ በበጋው ማብቂያ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው አማካይ የሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። በኬሚስቶች ዘንድ በተለመደው ግምት መሠረት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በባትሪ ውስጥ እርሳሱን የሚበላው ለውጥም ይህንኑ ይከተላልና፣ በደጋ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በቆላ ሁለቱን ዓመት ቢጨርስ ሊያስደንቀን አይገባም። ውሃውም ፈጥኖ ይተናል፤ የሚሞላው ግን የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የወንዝና የቧንቧ ውሃ በያዙት ጨው የእርሳሱን ሰሌዳ ያበላሻሉ።

የሚገርመው ነገር ያው ሙቀት ባትሪውን እየገደለው ሳለ ሞቱን ይደብቃል። በሞቃት አየር ኬሚካዊው ሥራ ስለሚፋጠንና የሞተሩ ዘይት ስለሚቀጥን የደከመ ባትሪም ሞተር ያስነሳል። መኪናው የቡሬን ዳገት ወጥቶ ጎሬ ሲያድር ግን በማለዳው ቅዝቃዜ ባትሪው ይሸነፋል። ባለቤቱም «ትናንት ደህና ነበር» ይላል። እውነቱን ለመናገር ትናንትም ደህና አልነበረም፤ የገደለው ጋምቤላ፣ ያጋለጠው ጎሬ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ሞርሴቶ ሲፈታ ነጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር መጨረሻ ይሁን። አለዚያ የመፍቻው ብረት ፖዘቲቩንና የመኪናውን አካል ቢያገናኝ በእጅ ላይ እሳት ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ በሌላ ባትሪ ሲነሳ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይያያዝ፤ የነጌቲቩ የመጨረሻ ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰር። ባትሪ የሚፈነዳ ሃይድሮጅን ያመነጫልና ክብሪትና ሲጋራ ይራቁ፤ 24 ቮልት ካለው ከባድ መኪናም 12 ቮልት ያለውን ማስነሳት አይገባም። ሦስተኛ፣ ሞርሴቶዎቹ በየጊዜው በሞቀ ውሃና በመጋገሪያ ሶዳ ታጥበው፣ ደርቀውና ጠብቀው ቫዝሊን ይቀቡ።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ፣ በሰው ክንድ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ማኖቬላ የሚያዞር ሰው ሞተሩ ሲከብደው በክንዱ ያውቀው ነበር። የዛሬ አሽከርካሪ ያን ስሜት ቢያጣም በምትኩ ልኬትን አግኝቷል።

ያን ዕለት አባትና ልጅ ሳይመሽ ከሆስፒታሉ በር ወረዱ። ሾፌራችን በመልሱ ጉዞ አንድ ነገር ጠየቀን፤ ሞተሪኖው ተፈትቶ በአዲስ ቢተካ ኖሮ መኪናው ይነሳ ነበር ወይ? አይነሳም ነበር፤ ምናልባትም ገመዱ ሲነካካ ለአንድ ቀን ተነስቶ በማግስቱ በሌላ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። በየጋራዡ በግምት የሚቀየረው ዕቃ ገንዘብ ያስወጣል፤ ከከተማ ርቆ ለቆመ መኪና ግን ኪሳራው የሚቆጠረው በብር ብቻ አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በኮፈን ሥርም እንዲያውቁት እንሻለን።