ዐሥራ ሁለት ክሮች፦ የ«ዘ በርድስ» የመጀመሪያ አልበምና የፎክ ሮክ አወላለድ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ አልበም ላይ ብቻ ያተኩራል። «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ይባላል፤ ዘ በርድስ የተባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ የበኩር ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1965 በኮሎምቢያ ኩባንያ ታተመ። 12 ዘፈኖች አሉት፤ ከእነዚህም አራቱ የቦብ ዲላን ድርሰቶች ናቸው።

የአልበሙ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይነገራል፦ ወጣቶቹ የዲላንን ግጥም ወሰዱ፣ የቢትልስን ምት ጨመሩበት፣ ፎክ ሮክ ተወለደ። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። ፎክ የሚባለው የዘፈን ወግ በዚያ ዘመን ቃሉ እንዲደመጥ የተሰናዳ ነበር፤ አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ ዝም ያለ አዳራሽ። ሮክ ደግሞ አካል እንዲንቀሳቀስ የተሰናዳ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ለጆሮ የተሠራው ቃል ለእግር ወደ ተሠራው ድምፅ ሲገባ ምን ያህሉ ይተርፋል የሚለው ይመስለኛል። በዚህ ፋኩልቲ ሥነ ቃልን የምታጠኑ ሁሉ፣ ከክዋኔው ተነጥሎ በወረቀት የሰፈረ ግጥም ምን እንደሚጎድለው ታውቃላችሁ። እዚህ የሚገጥመን የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ክዋኔው በርትቶ ግጥሙን ሲያሳጥረው እናያለን።

አባላቱ ለፎክ እንግዳ አልነበሩም። ጂም ማክጊን ቺካጎ በሚገኘው የኦልድ ታውን የፎክ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ክሪስ ሂልማን የብሉግራስ ማንዶሊን ተጫዋች ነበር፤ ጂን ክላርክ ከኒው ክሪስቲ ሚንስትሬልስ ጋር ዘፍኗል። ዴቪድ ክሮዝቢም የመጣው ከዚያው ዓለም ነው። ከበሮውን የያዘው ማይክል ክላርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቢትልስን ፊልም ሲያዩ፣ ማክጊን በጆርጅ ሃሪሰን እጅ የነበረውን ባለ 12 ክር የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር ልብ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ገዛ።

ስለዚህ መሣሪያ ጥቂት ልዘርዝር፤ የአልበሙ ምሥጢር ያለው እዚህ ነውና። 12ቱ ክሮች በስድስት ጥንዶች ይደረደራሉ። ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች እኩል ድምፅ ሲሰጡ፣ በአራቱ ወፍራም ጥንዶች አንደኛው ክር ከጓደኛው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። በተለመደው ባለ 12 ክር ጊታር ላይ እጅ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀጭኑን ክር ነው፤ በሪከንባከር ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ወፍራሙ ይቀድማል። የድምፁ ልዩ መልክ በከፊል ከዚህ ትንሽ ግልበጣ የመጣ ነው። በስቱዲዮም ባለሙያዎቹ ድምፁን በኮምፕሬሰር አሳለፉት። ይህ መሣሪያ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባል፤ በመሆኑም የተመታው ክር ቶሎ አይሞትም፣ እንደ ደወል እየተንጠለጠለ ይቆያል። አድማጭ የሚሰማው ይህን ቀጣይነት ነው፤ ከሥሩ ምቱ ቢፈጥንም ከላይ አንድ የማይቋረጥ ብርሃን የተዘረጋ ይመስላል።

አሁን ወደ ርእስ ዘፈኑ እንለፍ። የዲላን ቅጂ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ አራት አንጓዎች አሉት። የበርድስ ቅጂ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ከአራቱ አንጓዎች የቀረው አንድ ብቻ ነው። ምቱም ከ2/4 ወደ 4/4 ተለወጠ። ከግጥሙ ሦስት አራተኛው ጠፋ ማለት ነው! ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ዲላን ምስሎችን በመደራረብ አድማጩን ወደ ሰመመን ያስገባዋል። በርድስ ያንኑ ሰመመን በጊታሩ ቀጣይነትና ክሮዝቢ ከላይ በሚጨምረው ከፍተኛ ድምፅ ለማምጣት ሞከሩ። ተሳካላቸው እላለሁ፤ ነገር ግን የግጥሙ ተናጋሪ ድካምና ብቸኝነት ቀርቷል፣ የቀረልን ግብዣው ብቻ ነው።

ሌላም የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ይህ ዘፈን ጃንዋሪ 20 ቀን 1965 ሲቀረጽ፣ ከባንዱ መሣሪያ የተጫወተው ማክጊን ብቻ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ቴሪ ሜልቸር ከበሮውን ለሃል ብሌን፣ ቤዙን ለላሪ ነክተል ሰጠ፤ ሁለቱም በስቱዲዮ ቅጥር የሚሠሩ የተካኑ ባለሙያዎች ነበሩ። በሽፋኑ ላይ ግን አምስት ፊቶች አሉ። በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ የወጣው ይህ ዘፈን የማን ሥራ ነው? «የሕዝብ ዘፈን» በሚል ስም ለሚጠራ ወግ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከዚህ ዘፈንና ከሸክላው ጀርባ ከወጣው ዘፈን በቀር ሌላውን የአልበሙን ክፍል ባንዱ ራሱ ተጫውቶታል።

ለእኔ የአልበሙ ቁንጮ «የሪምኒ ደወሎች» ነው። ግጥሙ የኢድሪስ ዴቪስ ነው፤ በወጣትነቱ በከሰል ማዕድን የሠራ የዌልስ ገጣሚ። እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመው ይህ ግጥም የማዕድን ማውጫ ከተሞችን ሐዘንና የ1926ቱን አድማ ሽንፈት በቤተ ክርስቲያን ደወሎች አንደበት ይናገራል፤ ዜማውን የደረሰለት ፒት ሲገር ነው። እዚህ ላይ ጊታሩና ቃሉ አይጣሉም። ደወል የሚመስለው ድምፅ ስለ ደወል የሚናገረውን ግጥም ይሸከመዋል፣ መጨረሻ ላይም ቃል ያልቅና ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሃሪሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ በቢትልስ አልበም ላይ ለወጣ ዘፈኑ ሐሳብ የወሰደው ከዚህ የጊታር ሐረግ ነው፤ ጊታሩን ያስተዋወቀው ሰው ብድሩን በዜማ ተቀበለ ማለት ይቻላል።

የጂን ክላርክ የራሱ ድርሰቶች ጥሩ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው፤ ከያዝነው ጥያቄ ጋር ግን ብዙም አይገናኙም። አልበሙን የሚዘጋው የጦርነት ዘመን የእንግሊዝ የስንብት ዘፈን ቀልድ ነው፤ ከደወሎቹ በኋላ ሲመጣ ቀልዱ ይከብደኛል።

እንግዲህ የዲላንን ቅጂ አስቀድመን፣ የበርድስን አስከትለን እናደምጣለን። ሁለተኛው ሲጀምር ቃሉን ለጊዜው ተዉትና ጊታሩ የት ላይ እንደሚቆም ለመስማት ሞክሩ። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።