“ቁልፍ አይጠይቅም” የተባለው ፍላሽ ያመጣብኝ ጣጣ

የዛሬው ጨዋታ ከራሴ ገመና ይጀምራል። አብነት አካባቢ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት አለችኝ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? የታመመ ላፕቶፕ ይመጣል፤ “ፎርማት አድርግልኝ” እባላለሁ፤ ፍላሼን እሰካለሁ፤ ዊንዶውስ እጭናለሁ፤ ሒሳቤን እቀበላለሁ። በቃ! ፍላሹ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የዕቁብ ጸሐፊም የሆኑ እናት “ተንቀራፈፈብኝ” ብለው ላፕቶፓቸውን አመጡልኝ። ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ በተቀበልኩት ፍላሽ ጫንኩላቸው። ጓደኛዬ ሲሰጠኝ “ይሄ ምርጥ ነው፣ ቁልፍ እንኳ አይጠይቅም!” ብሎኝ ነበር። እኔም እሰየው ብዬ ፋይሉን ጭምር ገለበጥኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በእሳቸው ቴሌግራም “ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ” የሚል መልእክት ለዕቁብተኞቹ ተበተነ። ሁለት ሰዎች አምነው ላኩ። እሳቸው ግን አንዲት ቃል አልጻፉም! ዕቁብ የሚቆመው በመተማመን ብቻ ነው፤ የጸሐፊዋ ስም ከተነሳ ምን ይቀራል? እኔ ዘንድ ሲመጡ አልጮሁም። “አንተን አምኜ እኮ ነው የሰጠሁህ፣ ልጄ” አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ ሱቄን ዘግቼ ድሮ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ የፋይሉን አሻራ አወጣሁ። አሻራ ስል ምን ማለቴ ነው? ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ መጫኛው የሚሰራጨው “አይ.ኤስ.ኦ.” በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ከዚያ ፋይል “ኤስ.ኤች.ኤ. 256” በሚባል ስሌት 64 ሆሄ ያለው ቁጥር ይወጣል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አምራቹ ትክክለኛውን ቁጥር በራሱ ድረ ገጽ ያወጣዋል፤ እናንተ የእጃችሁን ታስተያያላችሁ። የእኔ ከማይክሮሶፍት ቁጥር ጋር አልገጠመም! ለካስ ያንን “ቁልፍ አይጠይቅም” የተባለ ፋይል አንድ ሰው ውስጡን ነካክቶት ሊሆን ይችላል። ሌባው በዚያ በር ይግባ አይግባ ምዬ መናገር አልችልም፤ በሩን ሳይፈትሽ የከፈተው ግን እኔ ነኝ።

“ይሄ የመርካቶ ችግር ነው” የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016)፣ እኛ ሰማዕታቶቻችንን በምናስብበት ዕለት፣ የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ የማውረጃው መስመር የኋላ በር ወደተገጠመለት ፋይል ዞረ። ሰዎች ከዋናው ቤት ያወረዱ መስሏቸው የሌባ ዕቃ አወረዱ። ሌባው በድረ ገጹ ላይ ያለውን የአሻራ ቁጥር ጭምር ቀይሮ፣ ይህን የሚያጣራ ሰው የለም ብሎ ማሾፉ በጊዜው ተዘግቧል። የእኛም ሰዎች አላመለጡም። በ2010 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች “አዶቢ ፍላሽ” የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ማደሻ መስሎ የቀረበ የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው ተገልጿል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከኔ ተማሩ።

አንደኛ፣ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ዊንዶውስ ከሆነ የማይክሮሶፍት የራሱ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍላሹን ራሱ ይሠራላችኋል።

ሁለተኛ፣ አሻራውን አውጡ። ዊንዶውስ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም፤ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት “ሰርትዩቲል”፣ ቀጥሎ ከሰረዝ ጋር “ሃሽፋይል”፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ በመጨረሻ “ኤስ.ኤች.ኤ. 256” ብሎ በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ነው። ስታስተያዩ ዓይነቱና ቋንቋው አንድ መሆኑን እዩ። ቁጥሩን ፋይሉን ከሰጣችሁ ሰው አትቀበሉ፤ ሌባ ለራሱ ይመሰክራልና! እንደ ኡቡንቱ ያሉት የቁጥሩን ዝርዝር ፈርመውበት ያወጣሉ፤ ፊርማውን ማጣራት የምትችሉ እሱንም አጣሩ።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን ራሱን ጠርጥሩ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ ውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲሞላ ፋይል ያበላሻል፤ ጭነቱም መሐል መንገድ ይቆማል። “ኤፍ 3” እና “ኤች 2 ቴስት ደብሊው” የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ ጉዱን ያወጡታል።

አራተኛ፣ ፋይሉ ንጹሕ ነበረ ማለት ፍላሹ ዛሬም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከስንቱ የታመመ ኮምፒዩተር ጋር ተነካክቷል! እኔ አሁን ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጬ ፍላሹን በየጊዜው እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።

ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ መጠየቅ አትፈሩ። ቅቤ ስንገዛ ሙዝ ተቀላቅሎበት ይሆን ብለን ቀምሰን አሽትተን አይደለም እንዴ? የምስጢር ቃላችንን ሁሉ ለሚይዝ ዕቃ ምነው ዝም አልን? በተለይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ “ቀይርልኝ” የሚለው ብዙ ነው። ከማስጫናችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ተጠርጣሪ ፍላሽ ካለፈባችሁ ደግሞ በሌላ ንጹሕ ስልክ የምስጢር ቃላችሁን ቀይሩ፤ በቴሌግራም ውስጥ የማታውቁትን መሣሪያ ሁሉ አስወጡ፤ ላፕቶፑንም በተጣራ ፍላሽ እንደገና አስጭኑ።

እኔ የሁለቱን ዕቁብተኞች ብር ከኪሴ ከፈልኩ። በዚያ ፍላሽ የጫንኩላቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ ደውዬ “በነጻ ልድገምላችሁ” አልኩ። ገሚሱ መረቀኝ፣ ገሚሱ ሰደበኝ፤ ሁለቱም ይገባኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ስንት ሳምንት ከሰርኩ!

እኚያ እናት ባለፈው ሰሞን የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ፍላሹን ላነሳ ስል ግን እጄን ያዝ አደረጉና “አሻራውን አይተሃል?” አሉኝ።

አሳየኋቸው። 64ቱንም ሆሄ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አስተያዩ።

እናንተም እንደሳቸው ሁኑ። ቸር ይግጠመን!