የጫማው አንገት ወይስ ሶሉ?

የቅርጫት ኳስ ጫማ ሲመረጥ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው አንገቱን ነው፤ ረጅሙ ቁርጭምጭሚትን ከወለምታ ያድናል ተብሎ ይታመናልና። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 622 የኮሌጅ ተጫዋቾችን በዕጣ ከፋፍሎ ረጅምና አጭር ጫማ ቢያስደርጋቸውም፣ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ዝነኛው ተጫዋች ኮቤ ብራያንትም ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አጭር ጫማ አድርጎ በ2009 እና በ2010 ከቡድኑ ሌከርስ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። የአንድ ኮከብ ድል ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ጥናቱ ግን ያስረዳል።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለሶሉ ነው። ተጫዋች ድንገት ሲቆም ወይም አቅጣጫ ሲቀይር ወለሉን የሚይዘው እሱ ነው። አቧራ ሲለብስ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጫማ በተወለወለ ወለል ላይ ብቻ ተሞክሮ ሊመሰገን አይገባም። በሲሚንቶ ሜዳ ለሚጫወት ደግሞ ለስላሳ ጎማ ቶሎ ያልቃል። «ዋናው ምቾት ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ሲዘለል የሚመጣውን ምት ያበርዳል፤ ክብደት ላለው ተጫዋችም ይጠቅማል። ነገር ግን እግርን ከወለሉ ያርቃል፤ ጎኑ ካልሰፋና ካልጠነከረ ያወላግዳል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የተሰማ ምቾት ይህን አያሳይም፤ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ወደ ጎን መግፋት፣ እግር ከሶሉ ጠርዝ ሲያልፍ ወይም ተረከዝ ሲወጣ መመልከት ግን ያሳያል።